አቡጊዳውን የት ጣላችሁት?

የትምህርት ክፍላችን «ለመጽሔቱ ከሥራ ገጠመኛችሁ አንድ ነገር ጻፉ» ሲለን መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ አመራር ዓይነቶች ለመጻፍ ነበር። ያው ክረምት ክረምት እየመጣን የምንማረውን፣ አሳታፊ አመራር፣ አዛዥ አመራር፣ ልቅ አመራር እያልን ለፈተና የምናጠናውን ማለቴ ነው። ሁለት ገጽ ያህል ከጻፍኩ በኋላ ለራሴም ሰለቸኝና ቀደድኩት። በምትኩ ለብዙ ሰው ያልተናገርኩትን አንድ ነገር ልጻፍ።

ነገሩ የሆነው በ2009 ዓ.ም. ነው። እዚሁ መቀሌ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህር ነበርኩ። በዚያን ጊዜ በክልላችን አማርኛ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት የሚጀመረው ከ3ኛ ክፍል ስለነበር፣ ልጆቹ ፊደሉን በትግርኛ ቆጥረው፣ ማንበብ ለምደው ይመጡልናል ተብሎ ይታሰባል። ክፍሌ ውስጥ ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች። ተነሺና አንብቢ ስላት መጽሐፉን ከፍ አድርጋ ትይዝና ሳትደናቀፍ ትወጣዋለች። ሱፐርቫይዘር የመጣ ቀን የማስነሳው እሷን ነው። አንድ ቀን ታዲያ እያነበበች ሳለ በመስኮት የገባ ነፋስ ገጹን ገለበጠባት። ልጅቷ አላቆመችም። ዓይኗን ሌላ ገጽ ላይ ተክላ የፊተኛውን ምንባብ እስከ አራት ነጥቡ ድረስ ጨረሰችው።

ክፍሉ አልሳቀም። ለምን እንዳልሳቁ የገባኝ ቆይቶ ነው። አብዛኞቹም «የሚያነቡት» እንደሷ ነበር። በማግስቱ መጽሐፍ አዘግቼ ሰሌዳው ላይ ቀላል ቀላል ቃላት ጻፍኩና አንድ በአንድ አስነበብኳቸው። ሲሶ ያህሉ አንድ ቃል እንኳ አልወጣላቸውም። አንዳንዶቹ «ለ»ን ለማግኘት ከ«ሀ ሁ ሂ» ተነስተው በጣታቸው እየቆጠሩ በዜማ ይወርዳሉ፤ ዜማው ሲቋረጥባቸው ተመልሰው ከ«ሀ» ይጀምራሉ።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነው። ለርዕሰ መምህሩ ነገርኩት። «የመንፈቁ ሪፖርት እኮ ሄዷል፣ አሁን ይሄን ማንሳት ምን ይጠቅማል?» አለኝ። እኔም ምንም ሳልጨምር ወጣሁ። እስከ 3ኛ ክፍል ተማሪ ክፍል አይደግምም የሚል መመሪያ ነበርና ሰኔ ላይ ሁሉንም አሳለፍኳቸው። ለዚያች ልጅ በንባብ የሰጠኋትን ነጥብም አልቀየርኩም፤ ከክፍሉ አንደኛ ነበረች።

ችግሩ የእኔ ክፍል ብቻ እንዳልነበረ አውቃለሁ። በ2002 ዓ.ም. ትግራይን ጨምሮ በበርካታ ክልሎች የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች የንባብ ችሎታ በየቋንቋቸው ተመዝኖ ነበር። ከ2ኛ ክፍሎቹ ከመቶ 34 ያህሉ ለክፍላቸው ከሚመጥን ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማር ካለ 16 ዓመት ሆኖት ነበር እንግዲህ። ከዚያ በኋላ በዩኤስኤድ ድጋፍ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍት ትግርኛንና አማርኛን ጨምሮ በሰባት ቋንቋዎች እንደ አዲስ ተዘጋጁ፤ መምህራንም ለሥልጠና ተጠራን። (ድርጅቱ ራሱ በ2017 ዓ.ም. ተዘጋ።)

የመምህራን ክፍል ጭቅጭቅ የጀመረውም ያኔ ነው። እኔ የተካፈልኩበት ሥልጠና ላይ የተነገረን፣ ልጁን ሰባት ዓምድ ባለው ገበታ ፊት አቁሞ ሁሉንም ከማስጮህ ይልቅ በቋንቋው ውስጥ ደጋግመው የሚመጡትን ጥቂት ፊደላት ከነድምፃቸው ማስተማር፣ በእነሱም ወዲያው ቃል ማስመሥረት እንደሚሻል ነው። አንጋፋዎቹ መምህራን «ሀሁን ሳይጨርስ ምን ቃል አለ?» ብለው አጉረመረሙ። ጭቅጭቁ የዓለም ጭቅጭቅ እንደሆነ እዚህ ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ነው የተረዳሁት። በአሜሪካ ቃሉን እንዳለ ይልመደው በሚሉና ድምፁን ከፊደሉ ጋር አያይዞ ይማር በሚሉ መካከል ለዘመናት ሲነታረኩ ቆይተው፣ በ2000 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የንባብ ጉባኤ ጥናቶችን ሰብስቦ ድምፅን በሥርዓት ማስተማር እንደሚጠቅም ደመደመ። እንግሊዝም በ2006 እ.ኤ.አ. በተመሳሳይ መንገድ ሄደች።

ግን የእነሱን መደምደሚያ እንዳለ ገልብጦ ማምጣት አይቻልም። የእነሱ ፊደል 26 ነው፤ ድምፁ ግን አይታመንም። የእኛ ከ200 በላይ ነው፤ ድምፁ ግን ከሞላ ጎደል የታመነ ነው። የእኛ ልጅ የሚቸገረው ሌላ ቦታ ነው። ሳድሱ አንዳንዴ ይነበባል፣ አንዳንዴ ይዋጣል፤ መጥበቅና መላላትም አይጻፍም። «ገና» ሲል በዓሉን ይሁን «ገና ነኝ» የሚለውን፣ «ዋና» ሲል ውኃ ውስጥ የሚዋኘውን ይሁን ዋናውን ነገር፣ ቃሉን በጆሮው የሚያውቅ ልጅ ብቻ ነው አስተካክሎ የሚያነበው። ለዚህ ነው ማንበብ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይጀመር የሚለው ሐሳብ ከፖለቲካው ውጪም የሚያስኬደኝ። በነገራችን ላይ የእኛ የመቀሌ ልጆች አማርኛ ሲማሩ አንድ ጥቅም አላቸው፤ «ሐ»ን ከ«ሀ»፣ «ዐ»ን ከ«አ» በድምፅ ስለሚለዩ አዲስ አበባ ያደገ ልጅ በቃሉ የሚሸመድደውን አጻጻፍ እነሱ አንዳንዴ በጆሯቸው ያገኙታል።

ስለ ሀሁ ስናነሳ እናቴን መዝለል አልችልም። አደይ ማንበብ የተማረችው በ1971 ዓ.ም. በታወጀው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን በ1980 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የንባብ ሽልማት ከዩኔስኮ አስገኝቷል። አደይ ሽልማቱን አታውቀውም። የምታውቀው ማታ ማታ ቀበሌ አዳራሽ በፋኖስ ሀሁን በዜማ መቁጠሯን ነው። ዛሬም ውዳሴ ማርያሟን ታነባለች። ስለዚህ «ሀሁ አያስተምርም» የሚለኝ ሰው ቢመጣ ቤት ወስጄ ላሳየው የምችለው ማስረጃ አለኝ።

ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ትምህርት ቤቶች በኮሮና ተዘጉ፤ ጥቅምት 2013 ጦርነቱ መጣ፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ነው። መቀሌ ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተፈናቃይ ወገኖቻችንን አስጠልለው ነበር። ሦስት ዓመት ገደማ ደወል አልተደወለም። ትምህርት ሲከፈት የኔ ምድብ ሌላ ትምህርት ቤት ሆነ፤ ከክፍሎቹ ከፊሉ አሁንም ቤተሰብ ይኖርባቸዋል፣ ወንበር አይበቃም፣ አንደኛ ክፍል ውስጥ የስድስት ዓመትና የአሥር ዓመት ልጅ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። እኔ የዩኒት መሪ ሆንኩ።

በመጀመሪያው የመምህራን ስብሰባ አሮጌው ጭቅጭቅ እንደ አዲስ ተነሳ። ሁላችንም «መምህርተይ» የምንላት አንጋፋ መምህርት ግድግዳው ላይ የተረፈውን ብቸኛ የፊደል ገበታ ጠቅልላ በብብቷ ይዛ መጥታለች። «ጊዜ የለንም፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ ሀሁን ይበል፣ በሁለት ወር እጨርስላችኋለሁ» አለች። ከጎኔ ያለው ወጣት መምህር ደግሞ «መምህርተይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እሱ መጮህ እንጂ ማንበብ አይደለም፤ በአሥር ፊደል ስማቸውንና የእናታቸውን ስም ይጻፉ» አለ። ግማሹ ወደዚህ፣ ግማሹ ወደዚያ ሆነ። ሁሉም ርዕሰ መምህሩን ማየት ጀመረ።

ርዕሰ መምህሩ (የድሮው አይደለም፣ ሌላ ነው) ሰው የጠበቀውን አላደረገም። «ሁለታችሁም በየክፍላችሁ እንደምታውቁት አስተምሩ። እኔ ግን በየቀኑ ከሰልፍ በኋላ ከየክፍሉ ሦስት ልጅ ላኩልኝ» አለ። ላክን። ቢሮው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ደቂቃ በሞባይሉ ሰዓት ይይዝና ያስነብባል። ያዳምጣል፤ በደብተር ይጽፋል። አይቆጣም፣ አያርምም። እኛም በየሳምንቱ ዓርብ ከደብተሩ ያነብልናል።

ከወር በኋላ ማንም አላሸነፈም። የመምህርተይ ልጆች ገበታውን ከላይ እስከ ታች ያወርዱታል፤ መሀል ላይ ተነጥሎ አንድ ፊደል ሲጠየቁ ግን እንደዚያች እንደ ድሮዋ ተማሪዬ ዝም። የወጣቱ ልጆች አሥሯን ፊደል እንደ ውኃ ይጠጧታል፤ ከአሥሯ ሲወጡ ግን መሬት ይከዳቸዋል። በላዩ ላይ ወላጅ መጣ። አንድ አባት «ልጄ ወር ሙሉ ተምሮ ሀሁን አያውቅም፣ ትምህርት ቤቱ ምን ሆኗል?» ብለው ግቢው መሀል ቆሙ። ወጣቱ መምህር ሊያስረዳ ሞከረ፤ የሰማው የለም።

መልሱ የመጣው ካልጠበቅነው ሰው ነው። የግቢያችን ጥበቃ የሆኑት አቦይ በልጅነታቸው ቤተ ክርስቲያን ግቢ የቄስ ትምህርት የተማሩ ናቸው። ርዕሰ መምህሩ ሲያስነብብ ከበሩ ሆነው ይሰሙ ኖሯል። አንድ ጠዋት ጠጋ አሉና በትግርኛ ያሉትን ወደ አማርኛ ስመልሰው፣ «ሀሁን አስቆጠራችሁ፣ ደግ። አቡጊዳውን የት ጣላችሁት?» አሉ።

እውነት ለመናገር እኔ አቡጊዳን የማውቀው በስሙ ብቻ ነበር። (የውጭ ሊቃውንት ግን ያውቁታል፤ ፒተር ዳንኤልስ የተባለ አሜሪካዊ በ1990 እ.ኤ.አ. እንደ እኛና እንደ ሕንዶቹ ላሉ ፊደላት መጠሪያ አድርጎ ወስዶታል።) አቦይ በዱላቸው አፈር ላይ ጽፈው አሳዩን። በሀሁ ገበታ ልጁ የአንዱን ፊደል ሰባት መልክ በተራ ይቆጥራል። በአቡጊዳ ግን አ ብሎ ከግዕዙ፣ ቡ ብሎ ከሌላው ካዕብ፣ ጊ ብሎ ከሦስተኛው ሣልስ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እያለ በየፊደሉ ይዘላል። ያ የለመደው ዜማ አያደርሰውም። «መሪጌታ ዜማው እንደሚያታልል ያውቁ ነበር፤ ለዚህ ነው የሚበትኑት» አሉ አቦይ። ከዚያ ደግሞ ወደ ንባብ ሲገባ መጀመሪያ ቁጥር አለ፣ ፊደል በፊደል እየነጠሉ መጥራት፤ ቀጥሎ ግዕዝ፣ ቀጥሎ ውርድ ንባብ፣ ከዚያ ቁም ንባብ። ማጥበቅና ማላላቱ፣ መጣልና ማንሳቱ የሚመጣው በነዚህ ነው። እኛ የዘመናዊው ትምህርት ቤት ሰዎች ከዚህ ሁሉ ሀሁን ብቻ አንስተን ግድግዳ ላይ ሰቅለን «ባህላዊው ዘዴ» ብለን ስንጣላበት ኖረናል። በርግጥ የቄስ ትምህርት ቤት አርጩሜም ነበረው፤ ዓመት ሙሉ ትርጉሙን በማያውቁት ግዕዝ ማነብነብም ነበረው። እሱን መልሱ አላሉንም።

ያን ዕለት ከሰዓት መምህርተይ ያላደርጋታል ያልነውን አደረገች። ከዕርዳታ ዘይት ካርቶን ቆርጣ፣ ፊደላቱን በከሰል ጽፋ፣ ጠረጴዛ ላይ በተነቻቸው። ወጣቱን መምህር ጠርታ «የአንተን አሥር ምረጥና ጀምር፤ በየሳምንቱ እኔ አምስት አምስት እየጨመርኩ እበትናለሁ» አለችው። ሀሁውን አልተወችም፤ ጠዋት ጠዋት በዜማ ያስብላቸዋል፣ ወላጆቹም ሰምተው ይሄዳሉ። ካርዱ የሚበተነው ከዚያ በኋላ ነው። እንደ እኔ እንደ እኔ ያ ትምህርት ቤት የተለወጠው በዚያ ቀን ነው፤ ግን ርዕሰ መምህሩ ያን ወር ሙሉ ደጃፉ ላይ ባይቀመጥ ኖሮ አቦይም የሚሰሙት አይኖርም ነበር፣ መምህርተይም የልጆቿን ዝምታ አታይም ነበር።

በሁለተኛው መንፈቅ ርዕሰ መምህሩ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ሲሄድ ደብተሩን ለእኔ ሰጠኝ፤ እኔ ምክትል ሆንኩ። አዲሱ ርዕሰ መምህር ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ስብሰባ ይበዛበታል፣ ማዳመጡ ለእኔ ቀረ። ሳላደርግ የቀረሁበት ሳምንትም አለ፣ አልዋሽም።

ዘንድሮ የዓመቱን ሪፖርት ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ማንበብ የሚችሉና የማይችሉ በሚለው ሰንጠረዥ ላይ ከደብተሩ ያገኘሁትን ቁጥር እንዳለ ጻፍኩት፤ አያምርም። ከሳምንት በኋላ ከበላይ ተመለሰ፤ ከዳር በቀይ «ካለፈው ዓመት ጋር አይጣጣምም፣ ታይቶ ይስተካከል» ይላል። ደብተሩን ፎቶ ኮፒ አስደርጌ ከኋላው አያያዝኩና ቁጥሩን ሳልነካ መልሼ ላክሁት። ክረምቱ ገባ፤ እኔም ወደዚህ መጣሁ። መልስ እስካሁን አልመጣም። ትናንት ስልክ ስደውል አቦይ ነበሩ ያነሱት። «ካርዶቹን ዝናብ እንዳይነካቸው ወደ ጥበቃ ቤት አስገብቻቸዋለሁ» አሉኝ።