ምን ልታነቢበት ነው?

ጡረታ በወጣሁ ማግስት ልጆቼ ኮምፒውተር ሊገዙልኝ ተስማሙ፤ በዓይነቱ ግን አልተስማሙም። ወንዱ «ዊንዶውስ ይሁንላት፤ የአማርኛ ፕሮግራም እንደ ልብ ይገኝለታል» አለ። አሜሪካ ያለችው እህቱ «ማክ ለእማዬ ይቀላታል» አለች። ገዝታ የምትልከው እሷ ናትና ማክ መጣ።

መጀመሪያ የከፈትኩት የአባታቸውን ማስታወሻ ነበር፤ ከማረፉ በፊት በ1990 ዓ.ም. በአሮጌው ዊንዶውስ የጻፈውን። ገጹ በላቲን ፊደልና በምልክት ተሞልቶ ወጣ። ሁለተኛ የሞተብኝ መሰለኝ።

ልጄ አረጋጋኝ። ያኔ የአማርኛ ፕሮግራሞች ፊደላችንን የሚያስቀምጡት በላቲኑ ቦታ ላይ ነበር፤ ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ አሮጌው ፎንት ከሌለ ጽሑፉ ቢኖርም አይነበብም። በፍላሽ ወስዶ ወደ ዩኒኮድ ቀየረልኝ። አሁን በሁለቱም ኮምፒውተሮች ይነበባል፤ ክርክሩም በዚያው በረደ።

በነርስነት ዘመኔ ታካሚውን ሳልጠይቅ መድኃኒት ሰጥቼ አላውቅም። ስለ ኮምፒውተሩ ግን «ምን ልታነቢበት ነው?» ያለኝ አልነበረም፤ እኔም አልተናገርኩም። እናንተም ለወላጆቻችሁ ስትገዙ ከዋጋው በፊት ይህን ጠይቁ። መሳቢያ ውስጥ የቆየ ዲስክ ካለም፣ የሚከፍተው ማሽን ሳይጠፋ ዛሬውኑ አስቀይሩት።