«ምንም»ን ገልብጠው ያንብቡት

ኮድ መጻፍ ለሚጀምር ሰው የማይቀር አንድ ቀላል ጥያቄ አለ። ቃሉ ከፊትም ከኋላም ሲነበብ አንድ ከሆነ «አዎ»፣ ካልሆነ «አይደለም» የሚል ፕሮግራም ጻፍ ይላል። እንዲህ ያለው ቃል ፓሊንድሮም ይባላል። መልሱ አጭር ነው፤ የመጀመሪያውን ፊደል ከመጨረሻው እያስተያዩ ወደ መሃል መሄድ። በፓይተን አንድ መስመር ይበቃል።

የተለመዱት ምሳሌዎች «ማዳም» እና «አና» ናቸው። በላቲን ሲጻፉ ልክ ነው። በእኛ ፊደል ግን «ማዳም» ሲገለበጥ «ምዳማ»፣ «አና» ደግሞ «ናአ» ይሆናል። ተነባቢና አናባቢ አንድ ፊደል ውስጥ ስለሚያድሩ አብረው ነው የሚዞሩት። ለእኛ የሚሠሩት «ምንም»፣ «ውሃው»፣ «ንብን» ናቸው።

እስቲ «ምንም»ን ለኮምፒውተር ይስጡት። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ባይት በባይት የሚያነጻጽር የሲ ፕሮግራም «ምንም»ን 9 ቁራጭ አድርጎ ያየዋል፤ የመጀመሪያው ከመጨረሻው ስለማይገጥም «አይደለም» ብሎ ይመልሳል። ፓይተን ፊደል በፊደል ስለሚቆጥር ይህን ይሻገረዋል።

የባሰው ሌላ ነው። ብዙ ጀማሪ ሥርዓተ ነጥብና ክፍት ቦታ ለማስወገድ ሲል «ከኤ እስከ ዜድ ያልሆነውን ሁሉ ሰርዝ» የሚል ትእዛዝ ያስቀድማል። አማርኛ ሲገባለት አንድም ሳያስቀር ይሰርዘዋል። የሚተርፈው ባዶ ነው፤ ባዶ ደግሞ ከፊትም ከኋላም ባዶ ነው። ስለዚህ ለየትኛውም የአማርኛ ዓረፍተ ነገር «አዎ» ይላል። የስህተት መልእክት እንኳ አይወጣም!

ከዚያ ሞክሼዎቹ ይመጣሉ። «ሳሳ»ን አንዱ «ሳሣ» ብሎ ቢጽፈው አንባቢ አይደናገርም፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሳ እና ሣ የተለያየ ቁጥር ያላቸው ሁለት ፊደላት ናቸው። ነገሩ ከጨዋታ የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ስም ይውሰዱ። መነሻው ፀ ወይም ጸ፣ ቀጥሎ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ፤ ድምፁ ሳይለወጥ 12 አጻጻፍ። መዝጋቢው በአንዱ ጽፎት ሌላው ሠራተኛ በሌላው ቢፈልገው፣ ያ የጀማሪ ማነጻጸሪያ «አይደለም» ይላል። ባለጉዳይዋም መስኮቱ ላይ «ስምዎ አልተመዘገበም» ትባላለች።

ከማነጻጸር በፊት ሞክሼዎቹን ወደ አንድ የሚያመጣ ኮድ ጥቂት መስመር ነው፤ የአማርኛ መዝገብ የሚሠራ ሰው ይህን ቢዘለው ሰበብ የለውም። ግን ለፍለጋ ብቻ ይሁን፣ የተጻፈው ስም በመዝገቡ ላይ እንዳለ ይቆይ። በግዕዙ «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ «ሰረቀ» ግን ያው የምናውቀው ሌብነት ነው።