በገፈርሳ ዳር ያለው ዝይ

ከባምቢስ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተን በአምቦ መንገድ ወደ ምዕራብ የተጓዝነው፣ ለከተማችን የመጠጥ ውኃ በሚሰጠው በገፈርሳ ግድብ ዳር የሚሰፍሩትን ዳክዬዎችና ዝይዎች ፎቶግራፍ ለማንሣት ነበር። ቦታው 2600 ሜትር ገደማ ከፍታ አለውና ማለዳው ይበርዳል፤ ዛፎቹ ጥላቸውን በሚጥሉበት ዳርቻም ብርሃኑ ያንሳል።

በዚያ የሚታየው ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር መኖሪያ የለውም። ላባው ወፍራም ነው፤ ይበልጡን የሚሰማራውም በሌሊት ነው።

የካሜራ መብራት ወፉን ስለሚያስደነግጥ፣ ካሜራውን በድንጋይ ላይ አስደግፈን፣ የሌንሱን ቀዳዳ በሰፊው ከፍተን ጠበቅን። ጸጥ ብሎ የቆመውን በሰከንድ 1/60 ማንሣት ይቻላል፤ የሚዋኘው ግን 1/250 ይፈልጋልና ምስሉ ይጨልማል።

ውድ አንባቢያን፣ አባቶቻችን የውኃ ወፍን ሥጋ ከማዕዳቸው ስላራቁ ይህ ዝይ ከአዳኝ እጅ ተርፎ ቆይቷል። ዛሬ የሚያሰጋው የረግረጉና የሣሩ መጥበብ ነው። ስለዚህ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ ድንጋይ እንዳይወረውሩ ከልክሏቸው፤ ዝም ብሎ መጠበቅንም አስተምሯቸው። ወፉን ከማረፊያው አባርሮ ብሩህ ምስል ከማግኘት፣ ጨለም ያለውን ይዞ በሰላም መመለስ ይሻላል።