ያልተንበረከከው ጉልበት

ወገኖች፣ ጉለሌ ሽሮ ሜዳ ባለው የቤት ኅብረታችን ያሉ አንዲት እናት የጉልበት መገጣጠሚያቸውን በቀዶ ሕክምና ሊያስቀይሩ ሲዘጋጁ ጾመን ጸለይን። ልመናችን አንድ ነበር፤ እንደ ቀድሞው ተንበርክከው እንዲጸልዩ። ሐኪሙ ከብረትና ከፕላስቲክ የተሠራው አዲሱ ጉልበት ሕመሙን ቢቀንስም ለመንበርከክ ላይመች እንደሚችል አስቀድሞ ነግሮናል። እኛ ግን ነገሩን እንደ አለማመን ቆጠርነው።

ከስምንት ወር በኋላ የሰፈራችንን ዳገት ያለ ምርኩዝ ወጡ፤ ሌሊትም እንቅልፍ አገኙ። መንበርከክ ግን አልቻሉም። እኛም (ብናፍርም እንናገረው) “ፈጽሞ ድኛለሁ ብለው ይመስክሩ” እያልን ወተወትናቸው። ዝም አሉ። ቆይተውም ኅብረት መምጣት ተዉ።

በካናዳ ኦንታሪዮ 1,703 የተቀየሩ ጉልበቶችን የተመለከተና በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ከአምስት ታካሚዎች አንዱ ገደማ አለመርካቱን ያሳያል። ከሁሉ ይልቅ ቅር ያላቸው የጠበቁትን ያላገኙት ነበሩ። በእኚህ እናት ላይ ያንን ጥበቃ የጫንነው እኛ ነን፤ እሳቸው የለመኑት እንቅልፍ ብቻ ነበር።

ቤታቸው ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። “ልጆቼ፣ ወንበር ላይ ሆኜም እጸልያለሁ። እሱን ብመሰክር ትሰሙኛላችሁ?” አሉን።

ረቡዕ ማታ፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ መሰከሩ።