ከድሬዳዋ ወደ ቁልቢ፦ ስለ መንገደኛ ምድጃ ምርጫ

ድሬዳዋ ከሐረርጌ ተራሮች ግርጌ፣ ቆላው በሚጀምርበት ሜዳ ላይ የተዘረጋች የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ፣ ወደ ሐረር የሚያወጣው ዳገት ለባቡር እጅግ ከባድ በመሆኑ ሐዲዱ ከተራራው ሥር ቀረ፤ ከተማይቱም በዚያው ስፍራ ተቈረቈረች። ስለዚህ ድሬዳዋ ከመነሻዋ ጀምሮ ዕቃ የሚራገፍባት፣ መንገደኛም ስንቁን የሚያሰናዳባት ከተማ ናት። በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር የተመላለሰ፣ ደቻቱንም ተሻግሮ ወደ መጋላና ወደ ከፊራ ገበያ የዘለቀ ሰው ይህን ጠባይዋን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

የስንቁ መሰናዶ ይበልጥ የሚደምቀው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ታኅሣሥ 19 ቀንና ሐምሌ 19 ቀን የሚከበረው የቁልቢ ቅዱስ ገብርኤል በዓል ሲቃረብ ነው። ከልዩ ልዩ አገር የሚመጣው ምእመን ከፊሉ በድሬዳዋ በኩል ያልፋል፤ ከዚያም በደንገጎ ዳገት ወጥቶ ወደ ቁልቢ ያመራል። ቀድሞ ደርሶ ድንኳን የሚተክለው ቤተሰብ ምንጣፉን፣ ብርድ ልብሱን፣ ድስቱንና ጀበናውን ይዞ ይጓዛል። እንግዲህ ለእናት ቤቷ፣ ለአባትም ኪሱ የሚቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፤ በምን እናበስላለን?

ቀድሞ መልሱ አጭር ነበረ፤ እንጨት ወይም ከሰል። ዛሬ ግን ከባሕር ማዶ የሚመጡ፣ በእጅ የሚንጠለጠሉ የጋዝ ምድጃዎችና የጋዝ መጥበሻዎች በየገበያው ተሰልፈው ይታያሉ። ከእነዚህ አንዱን ለመግዛት ያሰበ ቤተሰብ የዕቃውን ማማርና የዋጋውን ርካሽነት ብቻ እንዳይመለከት እንመክራለን። ምድጃ የሚመረጠው የሚበስለውን ምግብ፣ የሚነድበትን ስፍራና በዙሪያው የሚቀመጡትን ሰዎች አስቀድሞ በማሰብ ነው።

በመጀመሪያ ስለሚበስለው ምግብ እንናገር። ባለ ፍርግርጉና ባለ ክዳኑ የጋዝ መጥበሻ የተሠራው ከከተማ ወጥቶ ሥጋ ለሚጠብስ ሰው ነው። የእኛ ምእመን ግን ታኅሣሥ 19 ቀን ቁልቢ ላይ ሲሰፍር ኅዳር 15 ቀን በገባው በጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሆነ፣ የሚያስፈልገው ሽሮ የሚንተከተክበት፣ ሻይና ቡና የሚፈላበት ማንደጃ እንጂ ፍርግርግ አይደለም። በሐምሌው በዓል ጾመ ሐዋርያት ተፈቷል፤ ጾመ ፍልሰታም ገና አልገባም፤ ስለዚህ ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልሆነ በቀር ሥጋ ይጠበሳል። ይሁን እንጂ ሐምሌ የዝናብ ወር ነውና በተዘረጋው ፍርግርግ ላይ ከስቡ ይልቅ የሰማዩ ውሃ ሊንጠባጠብበት ይችላል። አንድ ጠንካራ ማንደጃ ያለው ምድጃ ግን ድስት ሲጣድበት ሽሮውን ይሠራል፤ የብረት መጥበሻ ሲጣድበት ደግሞ ጥብሱን ያደርሳል። ስለዚህ ለሁለቱም በዓላት የሚያገለግለው ይኸኛው ነው።

ሁለተኛው ነገር የማገዶው ዓይነት ነው። ከሰል ርካሽ ነው፤ ጀበናም ይስማማዋል። በ1980ዎቹ የተሠራጨው «ላቀች» የተባለው ምድጃ ውስጡ ሸክላ፣ ውጪው ቆርቆሮ በመሆኑ ሙቀቱን ይዞ ከሰል ስለሚቈጥብ፣ በከሰል ለሚጓዝ ሰው ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ይሻላል። ነገር ግን ከሰል ሁሉ ከዛፍ የሚወጣ መሆኑን ድሬዳዋ ከማንም ይልቅ ታውቀዋለች። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለ30 አጥቢያ፣ በደጋው ላይ የወረደው ከባድ ዝናብ በደቻቱ ሞልቶ በሌሊት ከተማይቱን ሲመታ ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል። የጎርፉ መነሻ ዝናቡ ነው፤ ዛፉ የተመነጠረ ተራራ ግን ውሃውን አምቆ ሊያዘገይ ስለማይችል፣ የወረደው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ሜዳው ይወርዳል። ከተራራው የሚወርደው የከሰል ጆንያና ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ፈጽሞ የማይተዋወቁ አይደሉም።

ላምባም አለ። ሽታው በምግብና በልብስ ላይ ይቀራል፤ በመንገድ ላይም ከዕቃው እየፈሰሰ ስንቅ ያበላሻል። በተጨማሪም ላምባውንም ቡታጋዙንም በልማድ «ጋዝ» ብለን የምንጠራ ስለሆንን፣ ሻጭና ገዢ እንዳይሳሳቱ ምድጃው በየትኛው እንደሚሠራ በግልጽ ተጠይቆ መገዛት አለበት።

ወደ ቡታጋዙ ስንመለስ፣ ይህ መንገድ ከሌላው መንገድ የሚለይበት ነገር አለ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በሙቀት ውስጥ ትኖራለች፤ ቁልቢ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ የሆነ ደጋ ነው፤ የታኅሣሥ ሌሊቱም ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ቡታጋዝ ደግሞ ቡቴንና ፕሮፔን በተባሉ፣ በግፊት ፈሳሽ በሆኑ ጋዞች የሚሞላ ነው። ቡቴን ቅዝቃዜው ዜሮ ዲግሪ አጠገብ ሲደርስ ከፈሳሽነት ወደ ጋዝነት መለወጡን ይተዋል፤ ፕሮፔን ግን ከዜሮ በታች እስከ 42 ዲግሪ ድረስ ይተናል። በዚያ ላይ ጋዙ በሚወጣበት ጊዜ ዕቃው ራሱ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በድሬዳዋ ሱቅ ፊት በኀይል የነደደው ቡቴን ብቻ ያለበት ትንሽ ቆርቆሮ፣ በቁልቢ ንጋት ላይ ነበልባሉ ቢደክምና ሻይ ማፍላት ቢያቅተው የሚያስገርም አይደለም። በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን አንብቦ ፕሮፔን የተቀላቀለበትን መምረጥ ይህን ችግር ያቃልላል። ከፍታው በጨመረ ቍጥርም ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላልና፣ በደጋው ላይ ምስርና አተር ለመብሰል ጊዜ ይወስዳሉ፤ ማገዶው በዚያው ልክ ተጨምሮ ይታሰብ።

በቆላው ያለው አደጋ የዚህ ተቃራኒ ነው። በትንንሾቹ የጋዝ ቆርቆሮዎች ላይ ከ50 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቁ ማስጠንቀቂያ ይጻፋል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ የተዘጋ መኪና ውስጡ ከዚህ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ጋዙ የሚጫነው በመነሻው ሰዓት ነው፤ መዝጊያው ጠብቆ፣ ቀጥ ብሎ፣ እንዳይወድቅ ታስሮ፣ ሰው ከሚቀመጥበት ተለይቶ ይጓዛል።

ስለ መጠኑም ሒሳቡ ቀላል ነው። ሁለት ኪሎዋት ያህል ኀይል ያለው ማንደጃ በሙሉ ነበልባል በሰዓት 150 ግራም ገደማ ጋዝ ይበላል። እንግዲያስ በሻንጣ መሳይ ምድጃ ውስጥ የሚገባው 220 ግራሙ ቆርቆሮ አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም፤ ሦስት ኪሎ የሚይዝ ትንሽ ሲሊንደር ግን ሃያ ሰዓት ያህል ያነዳል። ለሦስት ቀን ለሚሰፍር ብዙ ቤተሰብ ይኸኛው ይበቃል። ነገር ግን ባዶው ሲሊንደር የት እንደሚሞላ ወይም እንደሚለወጥ ሳይጠይቁ ገንዘብ መክፈል አይገባም፤ የማይሞላ ሲሊንደር ብረት ብቻ ነው።

ሱቅ ስትሄዱ ጀበናችሁንና ትልቁን ድስታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ባለ ሱቁ ቢስቅም ግድ የለም። የጀበናው ክብ ቂጥ በማንደጃው ጥርሶች መካከል ሳይወላገድ መቆም አለበት፤ ነበልባሉም እጅግ ዝቅ ሊል የሚችል ይሁን፤ ሸክላ ድንገተኛ ኀይለኛ እሳት ሲነካው ይሰነጠቃልና። ማንደጃው በሲሊንደሩ አናት ላይ የሚገጠም ከሆነ ከሥሩ ሰፊ እግር ይኑረው። ትልቁ ድስት ደግሞ ከማንደጃው እጅግ ሰፍቶ ሙቀቱን ወደ ሲሊንደሩ የሚመልስ ከሆነ ያ ምድጃ ለእናንተ አልተሠራም። ከተገጠመም በኋላ መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ ቀብቶ መመልከት ነው፤ አረፋው ቢነፋ ጋዙ ያፈስሳል። በክብሪት መፈተን ግን እብደት ነው።

የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። ምንም ዓይነት ምድጃ በድንኳን ውስጥ አይነድም። ቡታጋዝ ከአየር ስለሚከብድ፣ ያፈሰሰው ጋዝ ልጆች በተኙበት ምንጣፍ ላይ ይተኛል፤ ሆኖም እንዲታወቅ ተብሎ ሽታ የተጨመረበት ነውና አፍንጫ ያስጠነቅቃል። የከሰሉ ፍም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም። ቡናው ተጠጥቶ ካበቃ በኋላ፣ ጢሱ ስለ ጠፋ ብቻ ደኅና ነው ተብሎ ለሌሊቱ ሙቀት ወደ ድንኳን የሚገባ ምድጃ፣ የተኛን ቤተሰብ ሳያነቃ ሊገድል ይችላል። መኝታን የሚያሞቀው ብርድ ልብስ እንጂ ፍም መሆን የለበትም። ራስ ምታትና ማዞር የተሰማው ሰው ቢኖር ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፤ ወደ ሕክምናም ይወሰድ።

እንግዲህ በከፊራ ስንቁን የሚገዛ ቤተሰብ ምድጃውን የሚያነደው ከፊራ ላይ አለመሆኑን ያስብ። ከነፋስ በተከለለ ደልዳላ መሬት ላይ፣ ከድንኳኑ በጥቂት እርምጃ ርቆ፣ አንድ ትልቅ ሰው ሳይለየው የሚነድ ትንሽ ምድጃ ለጉዞው በቂ ነው። ከዳገቱ ሲወርዱም በመኪናው ውስጥ የሚቈጠሩት ልጆች ሲወጡ የተቈጠሩት ያህል ይሆናሉ።