የሽቦ መኪና ትምህርት

ሕፃን በጆሮው ከሰማው ይልቅ በእጁ የሠራውን አጥብቆ ይይዛል። በሐራ የምንኖር ወላጆች ይህን ያስተዋልነው በሽቦ መኪና ነው። ልጆቻችን ሽቦ ይጠመዝዛሉ፤ ከአሮጌ የላስቲክ ጫማ ጎማ ይቆርጣሉ፤ መኪናውንም ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ ይለቁታል። ቁልቁል የሚስበው የመሬት ስበት፣ የኋላ ኋላም የሚያቆመው ፍትጊያ መሆኑን ያን ጊዜ ያውቃሉ። ጠጠር ጭነውበት ከድንጋይ ጋር ቢጋጭ መኪናው ይቆማል፤ ጠጠሩ ግን ወደ ፊት ይፈናጠራል። እንግሊዛዊው ኒውተን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1687 በመጽሐፍ ያወጣው ሕግ ይኸው ነው፤ የሚሄድ ነገር የሚያግደው ካላገኘ መሄዱን አይተውም።

ነገሩ ግን ጨዋታ ብቻ አይደለም። ደሴንና ወልድያን በመርሳ በኩል በሚያገናኘው አውራ ጎዳና ከባድ መኪኖች ይመላለሳሉ፤ የአካባቢያችን ልጆችም ይሻገሩታል። ፍጥነቱ እጥፍ የሆነ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም አራት እጥፍ ርቀት ይፈልጋል። ሾፌሩ ልጁን ቢያየው፣ ቢራራለትም፣ መኪናው ወዲያው አይቆምለትም። «መንገድ አትግባ» የሚለውን ቃል ልጅ ይረሳል፤ የተፈናጠረውን ጠጠር ግን አይረሳም።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ሽቦ ሲጠመዝዙ ብታዩ አትቆጡ። አጠገባቸው ተቀምጣችሁ «ለምን ቆመ?» ብላችሁ ጠይቋቸው።