እናቶቻችንን ይዘን ሼናንዶዋ እንደር

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂንያ የምንኖር ሐበሾች ሼናንዶዋን በአብዛኛው የምናውቀው በመኪና መስኮት ነው። በኦክቶበር ቅጠሉ ሲቀላ እንሄዳለን፣ መንገድ ዳር ቆመን ፎቶ እንነሳለን፣ ሳይመሽ እንመለሳለን። ልጆቹም ስልካቸው ላይ እንዳቀረቀሩ ሄደው እንዳቀረቀሩ ይመለሳሉ። ዘንድሮ የምለምናችሁ እዚያው እንድታድሩ ነው። ልጆቹን ብቻ ሳይሆን እናቶቻችንንም ይዛችሁ።

የሚመጣውን መልስ አውቀዋለሁ። «ቤት እያለን ሜዳ ላይ ማደር ምን የሚሉት ነው?» እናቴም ያለችኝ ይህንኑ ነው። ብዙ ልጆች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ እኔ የሚያስቅ ነገር አላየሁበትም። ከመካከላችን ቀን ጫካ ውስጥ ተደብቀው፣ ሌሊት በእግራቸው ተጉዘው በደርግ ዘመን ሱዳን የገቡ ሰዎች አሉ። ለእነሱ ደጅ ማደር መዝናኛ ሆኖ አያውቅም። ድንኳንም ቢሆን ሰፈር ውስጥ ሲተከል ወይ ሠርግ ነው ወይ ለቅሶ። ይህን ሁሉ የተሸከመን ሰው «አይዞሽ እማዬ፣ ደስ ይልሻል» ብሎ ማለፍ አይገባም። ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ያስፈልጋል። ጉዞውን የምናቅደው ከዚያ በኋላ ነው።

ታዲያ እነዚሁ እናቶች ሌላም ዓይነት ሌሊት ያውቃሉ። የከተራ ዕለት ታቦት ድንኳን ውስጥ ሲያድር ጃንሜዳ ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ሲዘምሩ ያነጉ እነሱ ናቸው። ግሸን ማርያም ለመሳለም ወጥተው፣ ቁልቢ ገብርኤል ወርደው፣ መሬት ላይ ጋደም ብለው፣ ከማያውቁት ሰው ጋር ዳቦ ተካፍለው አድረዋል። ያንን ሲያወሩ ብርዱን አያማርሩም። እናቴን ያሳመናትም የእኔ ክርክር ሳይሆን የራሷ ትዝታ ነው፤ ልጆቼም ያን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት ጉዞውን ስናቅድ ነበር።

አሁን ወደ ቦታው። ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1935 ሲሆን፣ በብሉ ሪጅ ተራሮች አናት ላይ 105 ማይል የሚዘረጋው ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያቋርጠዋል። ከዋሽንግተን ተነስቶ ሰሜናዊው በር ያለበት ፍሮንት ሮያል ለመድረስ ትራፊክ ከሌለ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃል። ከፍታው ያስቸግራል ብላችሁ ለእናቶች አትስጉ፤ የፓርኩ ትልቁ ጫፍ ሆክስቢል 1,230 ሜትር አካባቢ ነው፣ አዲስ አበባ የእሱን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀራት።

በመንገዱ ላይ በርካታ የማደሪያ ቦታዎች አሉ። ቢግ ሜዶውስ ታዋቂውና ግርግር የሚበዛበት ነው። ሎፍት ማውንቴን ወደ ደቡብ ራቅ ብሎ እይታው ሰፊ ነው። ደንዶ በቡድን ለሚመጡ የተለየ ስለሆነ ለማኅበርና ለእድር አባላት ይመቻል። እኔ ግን ሁልጊዜ የምመክረው በማይል 57.5 ላይ ያለውን ትንሹን ሉዊስ ማውንቴን ነው። ምክንያቱ ጸጥታው ብቻ አይደለም።

ፓርኩ በተቋቋመበት ዘመን ቨርጂንያ ዘር የሚለያይባት ግዛት ነበረች። ፓርኩ ሲከፈት ነጮች በሚያድሩበት ጥቁር አያድርም ነበር። በ1939 ሉዊስ ማውንቴን ለጥቁሮች ብቻ ተብሎ ተከፈተ፤ በመግቢያው ላይም ይህንን የሚናገር ትልቅ ሰሌዳ ተተክሎ እንደነበር የዘመኑ ፎቶግራፍ ያሳያል። ትንንሽ ቤቶች፣ ምግብ ቤትና ድንኳን መትከያ ነበረው። ከዋሽንግተንና ከሌሎች ከተሞች የመጡ ጥቁር ቤተሰቦች የቀረላቸውን ያንን አንድ ቦታ የራሳቸው አድርገው ኖሩበት። መለያየቱ ሙሉ በሙሉ የቀረው በ1950 ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ተራራው ላይ ይኖሩ የነበሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ድሃ ቤተሰቦች ለፓርኩ ሲባል ከመሬታቸው ተነስተዋል፤ የመቃብር ቦታዎቻቸው ዛሬም በዛፎች መካከል ይገኛሉ። «ጫካ የፈረንጅ ነገር ነው» ስንል ይህን ሁሉ አናውቅም። ልጆቻችን በትምህርት ቤት ስለ አውቶቡስና ስለ ምግብ ቤት ሰምተዋል። ተራራም ተከልክሎ እንደነበር ግን ቦታው ላይ ቆመው ሊሰሙት ይገባል፤ እነሱ ዛሬ በነፃነት የሚገቡት ሌሎች ስለታገሉ ነው።

ድንኳን ወይስ አርቪ? አያቶች ካሉ አርቪ የሚባለውን ቤት መሰል መኪና መከራየት ክፉ ሐሳብ አይደለም፤ አልጋ አለው፣ ሽንት ቤት አለው። ሆኖም ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ በፓርኩ ማደሪያዎች ውስጥ ኤሌክትሪክም ሆነ ውኃ ከመኪናው ጋር የሚያገናኝ መስመር የለም። ሁለተኛ፣ ሜሪስ ሮክ የሚባለው ዋሻ ቁመቱ 12 ጫማ ከ8 ኢንች ብቻ ነው። የተከራያችሁት መኪና ከዚህ ከበለጠ በሰሜን በኩል አትምጡ፤ በስዊፍት ረን ጋፕ በር ብትገቡ ዋሻውን ሳታዩት ሉዊስ ማውንቴን ትደርሳላችሁ። አርቪ ከከበደ ደግሞ እዚያው ሉዊስ ማውንቴን የሚከራዩ ትንንሽ ቤቶች አሉ። እናቶች ቤት ውስጥ፣ ጎልማሶችና ልጆች ድንኳን ውስጥ አድረው ጠዋት አንድ እሳት ዙሪያ መገናኘት ይቻላል።

ስለ ምግብ ጠንከር ብዬ ልናገር። ሼናንዶዋ የጥቁር ድብ አገር ነው። ድቡ ሰው ፍለጋ አይመጣም፣ ሽታ ተከትሎ ነው የሚመጣው፤ የእኛ ምግብ ደግሞ ይሸታል። ቅቤ፣ ቁሌት፣ በርበሬ፣ ጥሬ ሥጋ የያዘ ኩለር ድንኳን ውስጥ አይግባ፤ ጠረጴዛ ላይም አይደር። በልታችሁ ስትጨርሱ ሁሉም ነገር፣ የጥርስ ሳሙናውና ቅባቱ ሳይቀር፣ መኪና ውስጥ ተቆልፎ ይደር። ዕጣኑም እንደዚያው። የሳህን እጣቢ መሬት ላይ አይደፋም። ድብ አንዴ የሰው ምግብ ከለመደ ደጋግሞ ይመጣል፣ መጨረሻው መገደል ሊሆን ይችላል። ይህ የእኛ ኃላፊነት ነው።

ከዚህ ሌላ ወጡን ቤት ሠርታችሁ አቀዝቅዛችሁ ብትወስዱት፣ እንጀራውን በደንብ ብትጠቀልሉት ሌላ ጣጣ የለውም። ቡናውን ግን እዚያው ቁሉት። ማገዶ ከቤት አትጫኑ፤ አሽ የሚባሉትን ዛፎች የሚፈጀው ጥንዚዛ ከቦታ ቦታ የሚጓዘው በማገዶ ውስጥ ስለሆነ ፓርኩ የሚፈቅደው በሙቀት ታክሞ ማረጋገጫ ያለውን እንጨት ወይም እዚያው ወድቆ የደረቀውን ብቻ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ጸጥታ ግዴታ ነው፤ ከበሮው ከዚያ በፊት ያብቃ።

ሌሊቱ በጁላይም ቢሆን ይቀዘቅዛል፣ ጋቢ ያዙ። ጠዋትና ማታ የልጆቹን ከጆሮ ጀርባ፣ ብብትና ጉልበት እጥፋት ለመዥገር ፈትሹ፤ ላይም የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው እሷ ናት። ስልክ በብዙ ቦታ አይሠራም፣ ካርታውን አስቀድማችሁ አውርዱ። መራመድ ለሚከብዳቸው እናቶች ማይል 43 ላይ ያለው ሊምበርሎስት የተባለው መንገድ የተስተካከለና ለተሽከርካሪ ወንበር እንዲሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ርዝመቱ 1.3 ማይል ብቻ ነው።

ዕድሜያቸው 62 የሞላ፣ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ያላቸው ወላጆች በ80 ዶላር የዕድሜ ልክ መግቢያ ይገዛሉ። በዚያ መግቢያ አብሯቸው መኪናው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይገባል፣ የማደሪያውም ዋጋ በግማሽ ይቀንሳል። አራተኛ ክፍል ያለ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ለዚያ ዓመት ቤተሰቡ በነፃ የሚገባበት ፈቃድ ይሰጠዋል።

የማደሪያ ቦታ በአብዛኛው የሚያዘው በሬክሪዬሽን ዶት ጎቭ ነው። ቢግ ሜዶውስን ጨምሮ ተፈላጊዎቹ ቦታዎች ከ6 ወር በፊት ይከፈታሉ፣ የኦክቶበር ቅዳሜዎች ቶሎ ያልቃሉ። ስለዚህ ዛሬ ማታ እናታችሁ ጋ ደውሉ፣ ፍርሃታቸውን አዳምጡ፣ ከዚያ ቀኑን አብራችሁ ቁረጡ።